ሥራ እስክትይዝ

ሙቀት ፍለጋ ሜልበርን መጣሁ ስል የማይስቅብኝ ሰው አልነበረም። ሜልበርን የሚኖር ሰው ብርዱን ሲያማርር ነው የሚውለው፤ ጃኬት ሳትይዢ አትውጪ ይሉሻል፣ እዚህ አገር ሰማይ አይታመንም ይሉሻል። እኔ ግን የመጣሁት ከሆባርት ነው። ሆባርት ከአውስትራሊያ በታች ባለች ደሴት ላይ የተቀመጠች፣ ከደቡብ በኩል የሚነሳው ነፋስ አጥንት ድረስ የሚዘልቅባት ከተማ ናት። የአካውንቲንግ ዲግሪዬን የተማርኩት እዚያ ነው፤ ካልሲ ደራርቤ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ አፍንጫዬን እያሸሁ። ለኮምቦልቻ ልጅ ይህ ትምህርት ሳይሆን ቅጣት ነው። ጥር ላይ ሜልበርን ስደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ሌላው ሰው ጥላ ሲፈልግ እኔ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ፊቴን ወደ ላይ አቀናሁ።

ያመጣኝ ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ነው። ሆባርት ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ አንድ የጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛ ቦታ ከተከፈተ ገና ሳይለጠፍ የአንዱ አጎት የእህቱን ልጅ አስገብቶበታል። ሜልበርን ትልቅ ከተማ ነው፣ መቼም ለአንድ ሰው የሚሆን ወንበር አይጠፋም አልኩ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል የሠራ ሰው ነው። ሰኔ በመጣ ቁጥር፣ የሂሳብ መዝጊያ ነውና፣ ቤት የሚመጣው ለማደር ብቻ ነበር። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች እኔንና ታላቅ ወንድሜን ያሳደገን እሱ ነው። ወንድሜ አስተማሪ ሆነ፤ የአባቴን ሙያ የወረስኩት እኔ ነኝ፤ አባቴም ለዚህ ነገር ከልክ በላይ ይኮራ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ኩላሊቱን ታመመ። ከሆባርት ስደውል፣ ከሜልበርንም ስደውል የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

"ቢሮ ገባሽ?"

"ገና ነው አባባ።"

"ኢንሻአላህ" ይላል። ከዚያ ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፣ ስለ ምግቡ ይጠይቃል፣ ድምፁ ግን እዚያው "ገና ነው" ላይ ቀርቷል። ሳልገባ እንዳይሞት እፈራ ነበር። እሱም የሚፈራው ይህንኑ እንደነበር አውቃለሁ፤ ተነጋግረንበት አናውቅም እንጂ።

ሰንሻይን ዌስት ውስጥ የወሎ ሰዎች ቤት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዮቼ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስትየዋን እትዬ፣ ባላቸውን ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ታክሲ ይነዳሉ፤ ንግግር አያበዙም። እትዬ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራሉ፤ እሳቸው የሁለቱንም ድርሻ ይናገራሉ።

"ይሄን ዲግሪሽን ሻንጣ ውስጥ ክተችውና ኤጅድ ኬር ተማሪ" ይሉኛል። "ሰርተፊኬቱ ወዲያው ያልቃል። የፈረንጅ ሽማግሌ ግን አያልቅም።"

"እኔ ሰው ለማጠብ አይደለም የተማርኩት" አልኳቸው አንድ ቀን፣ ደክሞኝ፣ ተናድጄ። እትዬ ሳህናቸውን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ለሳምንት ያህል ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ በአገጫቸው ነበር። ምላሴ እንደዚህ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል።

ጠዋት ጠዋት ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር ወደሚገኝ መጋዘን እሄዳለሁ። ሥራዬ ዕቃ ለቀማ ነው፤ በጆሮዬ ያለው ማሽን የሚለኝን መደርደሪያ እየፈለግኩ ካርቶን አወርዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ኤጀንሲዎቹ ሲደውሉ ድምፃቸው ማር ነው፤ ሁሉም የሚጠይቁት ያቺኑ ናት፤ "ሎካል ኤክስፒሪየንስ አለሽ?" እዚሁ አገር ነው የተማርኩት እላለሁ። ገባን፣ ግን የሥራ ልምድሽ የት ነው ይላሉ። ሥራ ካልሰጣችሁኝ ከየት አመጣዋለሁ ስል ድምፃቸው ይቀዘቅዛል። በኋላማ አንዱ የግብር ሂሳብ ሠሪ ያለ ደመወዝ ልምምድ ልስጥሽ አለኝ። ከሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ቢሮ ናት። ለሳምንታት አሮጌ ወረቀት በማሽን አስቆረጠኝ፣ ቡና አስመጣኝ። የሂሳብ ሶፍትዌሩን መቼ ታሳየኛለህ ብዬ በጠየቅኩ ማግስት ሌላ ልጅ አምጥቶ ወንበሬ ላይ አስቀመጠ። ደረጃውን እየወረድኩ በአማርኛ ተራገምኩ። በእንግሊዝኛ የሚበቃ እርግማን አጣሁ።

መጋቢት ላይ የቤቱ ነገር ተለወጠ። አንድ ቀን ከመጋዘን ስመለስ ጋሼ በሥራ ሰዓታቸው ታክሲያቸውን ደጅ አቁመው ሳሎን ተቀምጠዋል። የእትዬ ዓይን ቀልቷል። ምን ሆናችሁ ስላቸው "ሽንኩርት ነው" አሉ እትዬ። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም። ተጣልተው ይሆናል ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ በባልና ሚስት መካከል መግባት አልወድም።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ኤጅድ ኬር የሚባል ነገር ከአፋቸው ጠፋ። ይልቁንም በየቀኑ "ያቺን የሂሳብ ሥራ ያዢ ልጄ፣ ቶሎ ያዢ" ሆነ። በመጋዘን ጫማ ኢንተርቪው አይገባም ብለው ገበያ ወሰዱኝና ጥቁር ጫማ ገዙልኝ። ጋሼ፣ እኚያ ዝምተኛ ሰውዬ፣ "ኢንተርቪው ካለሽ በባቡር እንዳትሄጂ፣ እኔ ነኝ የማደርስሽ" አሉኝ። እሑድ እሑድ የወሎ ሴቶች ወደ ቤት መምጣት አበዙ። ሲጨብጡኝ እጄን ቶሎ አይለቁም። አንዷ ትክ ብላ አየችኝና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ጉንፋን ይዞኛል አለች። ሌላዋ ሬዙሜሽን ስጪኝ፣ ልጄ ለአለቃው ይስጥልሽ አለች። ሁሉም ሲወጡ የሚጠይቁት አንድ ነው፤ "እስካሁን አልያዝሽም?"

አዘኑልኝ ብዬ ነው የተረዳሁት። የእኔ ሥራ ማጣት የሰፈር ዱዓ ሲደረግበት፣ ደሜ ፈላ። አንድ እሑድ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ ላይ ጮኽኩ።

"እኔ ችግረኛ አይደለሁም! ሰው እየጠራችሁ አታስለቅሱብኝ!"

እትዬ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱን በሙሉ ይገለብጡብኝ ነበር። ያን ቀን ግን ዝቅ ብለው "እሺ ልጄ" አሉ። ያ "እሺ" ከስድብ የበለጠ አስፈራኝ፤ ለምን እንዳስፈራኝ ግን አላውቅም ነበር።

ስልኩም አስቸጋሪ ሆነ። ካርድ ፍቄ ስደውል የሚያነሳው ወንድሜ ነው። አባባ ሰላት ላይ ነው ይለኛል። አባባ እህቱ ጋ ገጠር ሄዷል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ይለኛል። አባባ ጉሮሮውን ታሟል፣ ሐኪም ድምፅህን አታውጣ ብሎታል ይለኛል። የአገራችንን ኔትወርክ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። "ቢሮ ገባሽ?" የምትለዋን ጥያቄ አለመስማቴ እንዲያውም እፎይ አሰኝቶኝ ነበር። ሥራውን ይዤ ነው የማናግረው እያልኩ ራሴን አበረታ ነበር።

ሥራው የመጣው በግንቦት ነው፣ ሬዙሜዬን በወሰደችው ሴትዮ በኩል። ልጇ ክሬጊበርን በሚገኝ የጭነት መኪና ድርጅት ሹፌር ነው፤ የቢሮዋ ልጅ ሥራ ለቃለች፣ ሰው ይፈልጋሉ አለ። ጋሼ የታክሲያቸውን ሜትር አጥፍተው ወሰዱኝ። መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቁርአን እየቀሩ ነበር።

የድርጅቱ ባለቤት ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያ የለበሰ፣ ጠረጴዛው በደረሰኝ የተቀበረ ሰውዬ ነው። ዲግሪዬን አወጣሁለት፤ ዞር ብሎም አላየው።

"አቅራቢዎች የሚልኩትን ሂሳብ ከደረሰኝ ጋር ማመሳከር ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"ሰኞ መጀመር ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

አለቀ። ለዚህች ነው ያን ሁሉ ዘመን ኢንተርቪው ስለማመድ የኖርኩት። ወጥቼ ለጋሼ ስነግራቸው መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ በደስታ።

እዚያው መኪና ውስጥ ሆኜ ኮምቦልቻ ደወልኩ።

"አባባን ስጠኝ!"

"ተኝቷል" አለ ወንድሜ።

"ቀስቅሰው! ቢሮ ገባች በለው! ሰኞ ነው የምጀምረው!"

 "ቆዪ" ብሎ ወንድሜ ስልኩን አስቀመጠ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወንድሜ ሲመለስ ድምፁ ሻክሯል።

"ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"አለቀሰ። 'የያዝሽው ይበርክት፣ ወንበርሽ ይጽናልሽ፣ ሰው ፊት አትፈሪ' ብሎሻል።"

ሰው ፊት አትፈሪ። አባቴ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲሸኘኝ የሚለኝ ነው። ስልኩን ዘግቼ ሰንሻይን እስክንደርስ ድረስ ይህችኑ ነበር የማላምጣት።

ያ የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ቢሮዬ መጋዘኑን ቁልቁል የምታይ ባለ መስታወት ክፍል ናት። እግሬ ሥር ማሞቂያ አለ። ከታች ካርቶን የሚያወርዱትን ልጆች አያለሁ፤ ባለፈው ሳምንት እኔም እንደነሱ ነበርኩ። የባንኩን ሂሳብ ከደብተሩ ጋር ሳስታርቅ እጄ ላይ የሆነ ሰላም ይሰማኛል፤ አባቴ ቢያየኝ ከጀርባዬ ቆሞ ሻዩን እያማሰለ "ይህቺን ደግሞ ተመልከቻት" ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትወጣ የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሳሎኑ ውስጥ ብዙ ሰው አለ፤ ዝቅ ብለው ነው የሚያወሩት። በር ላይ የጫማ ክምር ይታየኛል። ምን እንዳሰብኩ ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል። ለሥራው እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ። በዚህ ጠዋት! ሲወዱ እንደዚህ ናቸው ብዬ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ደህናውን ሻሽ አስሬ፣ እየሳቅኩ ወጣሁ።

ሁሉም ተነሱ። የሳቀልኝ ሰው አልነበረም። እትዬ መጥተው ከኋላዬ ወገቤን ያዙኝ። አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ሰው ሁሉ የአላህ ነው፤ የሰጠ ይወስዳል..."

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። መርዶ ሲነገር አይቻለሁ፤ እናቴ የሞተች ጊዜ አክስቶቼን በዚሁ ዓይነት ከኋላ ይዘዋቸው ነበር። የያዙኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። እንዳልወድቅ ነው።

ሳለቅስ ቆይቼ፣ ድምፄ ሲዘጋ፣ መቼ ነው አልኩ።  "መቼ ነው የሞተው?" አልኩ እንደገና።

"መጋቢት ላይ" አሉ እትዬ።

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ቀብሩ ተፈጽሟል፣ ሰደቃው ወጥቷል፣ አርባው አልፏል፤ እኔ ጫማ እየለካሁ ነበር።

"ወንድምሽ ነው የለመነን" አሉ እትዬ እያለቀሱ። "ሥራ ሳትይዝ ከሰማች ትወድቃለች፣ ሁሉን ጥላ ትመጣለች፣ የአባባ ድካም ገደል ይገባል አለ። ሥራ እስክትይዝ ይቆይ ተባለ። ከያዝሽ በኋላም የመጀመሪያ ሳምንትሽን እንዳናበላሽብሽ ብለን..."

ቀዩ ዓይን፣ የሜትር መጥፋት፣ በጉንፋን የተሳበበው ዕንባ፣ "እስካሁን አልያዝሽም?" የሚለው ጥያቄ፣ ሁሉም በአንዴ ገባኝ። ያን ሁሉ ሰው በሥራዬ ላይ ያረባረበው አባቴ ነበር። ሥራ ባጣሁ ቁጥር እነሱ የአባቴን ሞት ተሸክመው አደሩ። ዛሬ ሳስበው አዝንላቸዋለሁ። ያን ቀን ግን አላዘንኩላቸውም።

"ማን ፈቀደላችሁ?" አልኩ። "አባቴ እኮ ነው! የእኔ አባት!"

 መርዶ የሚነግሩ ሰዎች ለቁጣ መልስ አይሰጡም፤ ልማዳቸው ነው። ተቀምጠው እስኪበርድልኝ ጠበቁ። አልበረደልኝም። ወንድሜ ሲደውል አላነጋግረውም አልኩ። እሑድም ደወለ፤ አላነሳሁም።

ሰኞ ሥራ ሄድኩ። ሦስት ቀን መቀመጥ ወጉ ነው፤ እትዬ ግን ራሳቸው ናቸው ቀስቅሰው "ሂጂ፣ ይህን ሥራ እንዳታጪው" ያሉኝ። በዚያም ተናደድኩ፤ ሄድኩ ግን። ባለቤቱ እንደ አገሩ ልማድ ዊክኤንድሽ እንዴት ነበር አለኝ። ጥሩ ነበር ማለት አቃተኝ።

"አባቴ ሞተ" አልኩት።

ደነገጠ፤ ወንበር ሳበልኝ። በጣም አዝናለሁ፣ ፈቃድ ውሰጂ፣ መቼ ነው ያረፉት አለኝ።

"በማርች።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየ። "ከመጀመርሽ በፊት?"

"የሰማሁት ቅዳሜ ነው። ደብቀውኝ ነበር፤ ሥራ እስክይዝ ብለው።"

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ዙሪያውን ተመለከተ፤ የተከመረውን ደረሰኝ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት፣ አሮጌውን ማሞቂያ።

"ይሄን ሥራ?" አለ።

አዎ አልኩት። ከፈለግሽ ወደ ቤት ሂጂ አለኝ፤ እዚሁ ልዋል አልኩ። ቤት ብሄድ ሰው ነው ያለው፤ ያንን ሁሉ ሰው ማየት አልፈለግኩም። ደረሰኞቹን ማመሳከር ጀመርኩ። ሥራው ቀን ከቀን ማስተያየት ነው፤ ይህ ዕቃ መቼ ታዘዘ፣ መቼ ደረሰ። እጄ ብቻውን ሲሠራ፣ ሐሳቤ ወደ መኪናው ውስጥ ስልክ ሄደና እዚያ ቆመ። አባቴ የሞተው በመጋቢት ነው። እኔ ሥራ የያዝኩት በግንቦት። ታዲያ የመረቀኝ ማን ነው?

ምሳ ሰዓት እንኳን እስኪደርስ አልጠበቅኩም። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ መኪኖቹ የሚታጠቡበት ጋ ወጥቼ ደወልኩ። ብርዱ ፊት ይገርፋል። ኮምቦልቻ ገና አልነጋም፤ ወንድሜ ግን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

"የመረቀኝ ማን ነው?" አልኩት፤ እንደምን አደርክ የለ፣ ያጽናህ የለ።

ተነስቶ በር ሲዘጋ ተሰማኝ።

"ወንበርሽ ይጽናልሽ ያለኝ ማን ነው? አንተ ነህ?"

"ስሚኝ" አለ። "ሊሞት ሰሞን በነቃ ቁጥር 'ቢሮ ገባች?' ነበር የሚለው። ሌላ ነገር አይጠይቅም። ምግብ አይጠይቅም፣ ውኃ አይጠይቅም። ገና ነው እለዋለሁ፣ ይተኛል፣ ሲነቃ ይጠይቀኛል። መጨረሻ ላይ አቃተኝ። 'ገባች' አልኩት።"

"ዋሸኸው?"

"ዋሸሁት። አለቀሰ። ያኔ ነው የመረቀሽ። ቃሉ የእሱ ነው፣ ከእኔ የተጨመረ የለም። አንቺ እስክትይዢ አስቀመጥኩልሽ።"

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። እሺ አልኩት።  ከውስጥ ባለቤቱ ስልክ እየጠራ ነው እያለ ሲጣራ ሰማሁና ገባሁ።

እዚያ ቢሮ ለዓመታት ሠራሁ። አገር ቤትም ተመላልሼ፣ ከወንድሜ ጋር አባቴ መቃብር ላይ ቆሜአለሁ። ወንድሜ ለሚሞት አባቱ የዋሸ፣ ለእኔም ሁለት ወር ሙሉ ዓይኑን ሳያሽ የዋሸ ሰው ነው፤ ቢሆንለት ለእኔ ሲል ለሦስተኛ ጊዜም ይዋሻል። አብረን በተቀመጥን ቁጥር፣ በእርግጥ መርቆኛል ወይ የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ ይመጣል። እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። አልመረቀሽም ካለኝ፣ ከአባቴ ዘንድ የቀረኝ የመጨረሻ ቃል "ኢንሻአላህ" ብቻ ነው።